አባቴ ጨረር ከጀመሩ ወዲህ ከሱ፤ ሳንባቸውንስ ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ለሳንባ ካንሰር የ6 ሳምንት ጨረር ታዞላቸው 3ኛውን ጨርሰዋል። 61 ኪሎ ነበሩ፤ አሁን 57 ገብተዋል። ሲውጡ ያማቸዋል፤ ጾምም ይዘዋል። ጎረቤታችን ደግሞ «ጨረር ሳንባ ያቃጥላል» እያሉ ያስፈሩናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከኪሎው ልጀምር። ከ61 ላይ 4 ኪሎ መቀነስ ከ6 በመቶ በላይ ነው። በ3 ሳምንት ይሄ ብዙ ነው። እኔ መክሳትን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የማየው ቀበቶ ላይ ነው፤ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ። ነገ ለጨረር ሲሄዱ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሰውነት ሲከሳ ጨረሩ የተለካበት ቅርጽ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሲቲ ስካን እንደገና ማንሳት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ሲውጡ የሚያማቸው የምግብ ቧንቧውን ጨረሩ ስለሚነካው ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ይሻላል። «ቻሉት» አይበሏቸው፤ ማስታገሻ አለው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ የሚፋጅ ቡናና ደረቅ ዳቦ ለጊዜው ይቅር። ለብ ያለ አጥሚት በወተት፣ እርጎ፣ ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮ፣ ሾርባ ውስጥ የተመታ እንቁላል ይስጧቸው። ሙሉ ትሪ አቅርቦ ከማስጨነቅ በየ2 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። የኩላሊት ችግር ከሌለባቸው በቀን ከ70 እስከ 85 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። ሻይ በዳቦ የትም አያደርሳቸውም።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልላለች። እኔን እምቢ ያሉ ታካሚዎች የንስሐ አባታቸውን ይሰማሉ። ይጥሩላቸው።

ስለ ሳንባው ጎረቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ጨረር ሳንባን ሊያስቆጣ ይችላል። ምግብ ይህን አያስቀርም፤ የተጎሳቆለ ሰውነት ግን ጉዳቱን ለመቋቋም አቅም ያጣል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጨረሩ ካለቀ ከ1 እስከ 6 ወር ውስጥ ነው፤ ቤተሰብ «እፎይ» ካለ በኋላ። ደረቅ ሳል፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ያመጣል። ጉንፋን ወይም ቲቢ ይመስላል። ስለዚህ የትኛውም ጤና ጣቢያ ቢሄዱ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ደረታቸው ላይ ጨረር ወስደዋል» ይሁን። ሕመሙ ሲጠና እንደ ፕሬድኒሶሎን ባለ፣ የሳንባውን ቁጣ በሚያበርድ መድኃኒት ይታከማል። መድኃኒቱ የሚቆመው ለሳምንታት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ ተሻለኝ ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡት። ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።