ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከመሣሪያው በፊት የሕመም ፈቃድ ደንቡን ያስተካክሉ

እህታችን፣ ደብረ ብርሃን ላይ 40 ያህል ሠራተኞች ያሉትን የልብስ ስፌት ድርጅትዎን ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ለማዘጋጀት አስበው፣ የትኩሳት መለኪያ ከመግዛት ልጀምር ወይ ብለው ጠይቀዋል። የኮሮናን ጊዜ በዚያው ከተማ በአንድ ፋብሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ውስጥ ስላሳለፍሁ፣ እኛን የገጠመን እርስዎን እንዳይገጥምዎ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ። «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ጠጥቶ ይሥራ» የሚሉዎትን አይስሟቸው፤ በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የፈጀው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

1ኛ፦ በመለኪያው አይጀምሩ። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ስለሚጀምር በር ላይ አይያዝም። በታኅሣሥ ውርጭ በእግሩ የመጣ ሠራተኛ ደግሞ ግንባሩ ስለሚቀዘቅዝ መሣሪያው ከእውነተኛው ሙቀት በታች ያነባል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው በመለኪያው ምስክርነት «ደኅና ነህ፣ ግባ» ሲባል አይቻለሁ።

2ኛ፦ የሕመም ፈቃድ ደንብዎን ወረርሽኝ ሳይመጣ ይጻፉ። እኛን የጎዳን ይህ ነው። የአስተዳደር ክፍላችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሐኪም ማስረጃ ያላመጣውን ሁሉ ቀሪ ብሎ ደመወዙን ይቆርጥ ስለነበር፣ ብዙው ሰው ሳሉን አፍኖ ማሽኑ ላይ መቀመጥን መረጠ። አንዲት ሠራተኛ ከጤና ጣቢያ ወረፋ ጠብቃ ያመጣችውን ወረቀት «ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ሌላ አጽፈሽ ነይ» ብለው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት መለሱባት። በማግስቱ ከነትኩሳቷ ገባች፤ ሳምንቱ ሳያልቅ እሷ የነበረችበት ረድፍ ከነተቆጣጣሪው ተኛ፣ የተቀበልነውም ትእዛዝ ሳይደርስ ቀረ። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሐኪም ማስረጃ ላቀረበ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ይሰጣል። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ አሠሪው ከዚያ የተሻለ ቢያደርግ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳትና ሳል የጀመረው ሠራተኛ በስልክ አሳውቆ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ደመወዝ ቅነሳ ለአምስት ቀናት ቤቱ እንዲተኛ የሚፈቅድ ደንብ አረቀቅሁ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ «ሠራተኛው ሁሉ በሽተኛ ይሆናል» ብለው ብዙ ተከራከሩን። ከጸደቀ በኋላ ግን ያስፈራሩን ነገር አልሆነም፤ ሰው ሲታመም ደወለ፣ ሲሻለው መጣ። ያ ደንብ በሥራ ዘመኔ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። የቀን ሠራተኞችዎንም ያካትቱ፤ ክፍያው የሚቋረጥበት ሰው ታምሞም ይመጣል።

3ኛ፦ የቀረው ብዙ ወጪ የለውም። ብርዱ ቢያስቸግርም መስኮቶቹ በትይዩ ገርበብ ይበሉ፤ የሰርቪሱም እንደዚሁ። ውኃ በሚጠፋበት ቀን እንኳ እጅ መታጠብ እንዳይቀር ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና በመግቢያው ላይ ያኑሩ። አምስት በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በ49 እጅ ውኃ በጥብጠው መቀሶችን ሳይሆን ጠረጴዛና የበር እጀታዎችን ያስወልውሉ፤ ብረቱን ያዝጋዋልና። በምሳ ሰዓት ለእያንዳንዱ የየራሱ ሳህን ይሁን። ደመወዝ የሚያዘጋጀውና ማሽን የሚጠግነው ሰው ቢተኙ ማን እንደሚተካቸው አሁኑኑ ወስነው ያለማምዱ። የደንቡን ረቂቅ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ እልክልዎታለሁ።