ጎንደርን በእግር፣ ከጃን ተከል እስከ ቀሃ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ ጎንደር ናቸው። አራቱም በእግር ስለ መዞር ነው የሚጠይቁት። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው።

«ባለፈው ዓመት ሄጄ ግንቡን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና የፋሲል መዋኛን በባጃጅ በግማሽ ቀን አይቼ ጨረስኩ። ከተማውን ግን ያየሁት አልመሰለኝም። አሁን ሁለት ቀን አለኝ። በእግር ይቻላል? ከየት ልጀምር?» (ከአዲስ አበባ)

በደንብ ይቻላል። አልመሰለኝም ያልከውም እውነትህን ነው፤ በባጃጅ የሚታየው ሕንፃው ነው እንጂ ከተማው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር በሁለት ወንዝ መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ሁለቱም ቁልቁል ወርደው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም ጣና ይገባል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት ግንባቸውን ከፍ ያለው ቦታ ላይ አኖሩት፤ ሰፈሩ ደግሞ በሁለቱም በኩል ወደ ውሃው እየወረደ ተሠራ። ማን ላይ እንደሰፈረ፣ ማን ታች ወንዝ ዳር እንደሰፈረ በእግርህ ስትወርድ ነው የሚገባህ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ከግንቡ ተነሥተህ ወደ ውሃው ውረድ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግንቡ አጠገብ ጃን ተከል ዋርካው ሥር ሁን። ከተማው ገና አልሞቀም፣ ፀሐዩም አይከብድም። ግንቡ ሲከፈት ወዲያው ዘው አትበል። መጀመሪያ ቅጥሩን በውጭ ዙረው። ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ ነው፣ ቀስ ብለህ ብትሄድም ብዙ አይፈጅም። በሮቹን እየቆጠርክ ስማቸውን ጠይቅ። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ ተዝካሮ በር። ማን በየት በኩል ይገባ እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ነፊው በአንዱ፣ የፈረሰኛው አለቃ በሌላው። ይህን አውቀህ ስትገባ ግቢው ባዶ ድንጋይ አይሆንብህም።

ውስጥ የፋሲልን ግንብ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እኔ ብዙ አልልም። የምለምንህ ግን የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጋ እንድትቆይ ነው። አናቱ እንደ ፈረስ ኮርቻ ጎበጥ ያለው ነው። ጣሪያው የለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1941 እንግሊዞች ጎንደር የመሸገውን ጣሊያን ሲደበድቡ የተጎዳ ነው። መሀሉ ላይ ቆመህ ወደ ላይ ስታይ ሰማይ ነው የምታየው። እኔ ልጅ ሆኜ አያቴ እዚያ አቁማኝ «ይኸው፣ ሁሉም ሲያልፍ እንዲህ ነው» ብላኛለች፤ እስከ ዛሬ ሳየው ድምፅዋ ይሰማኛል። ስትወጣ ቲኬትህን አትጣል፤ ለመዋኛውም ያገለግል እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቅ።

ከዚያ ፒያሳ። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ የሠራው ነው፣ ቢጫ ቀለም፣ ማዕዘኑ ክብ ክብ ያለ። ጠላት የሠራው ነው ብለው ዓይናቸውን የሚያዞሩ አሉ፣ እረዳቸዋለሁም። ግን የከተማው ታሪክ አካል ነው፤ ቡና ጠጥተህ እለፍ።

አሁን ወደ ቀሃ ውረድ። ከግንቡ እስከ መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከተራ ቀን ታቦታቱ የሚወርዱትም ወደዚሁ ነው። መዋኛው ጋ ስትደርስ መሀል ያለውን ግንብ ፎቶ አንሥተህ እንዳትመለስ። የቅጥሩን ግድግዳ ተጠግተህ እየው። የዛፎቹ ሥር ከላይ ፈስሶ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል። አንዳንዱ ቦታ ሥሩ ይሁን ግንቡ የትኛው ሌላውን እንደያዘው አይለይም። ሰው ሳይበዛ ከሄድክ ወፉ ብቻ ነው የሚሰማህ። አጠገቡ ጉልላት ያላት ትንሽ ክብ ቤት አለች፣ የፈረስ መቃብር ይሏታል። ብዙ ሰው ሳያያት ነው የሚመለሰው።

ጉልበት ከተረፈህ ወደ ቁስቋም ውጣ። ዳገት ነው፣ ከተማውም ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ ውሃና ቆሎ ያዝ። እቴጌ ምንትዋብ ሸሽተው ያረፉበት ቦታ ነው። የእሳቸው፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚያው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ ፈረንጆቹ በ1770 ሲመጣ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ያከመው ቁስቋም ነበር። የእቴጌይቱ ግንብ ፍርስራሽ ላይ ተቀምጠህ ወደ ከተማው ስታይ የሄድክበት መንገድ በሙሉ ከእግርህ ሥር ይታያል።

ሁለተኛው ቀን ይቀላል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል የተረፈች ናት፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ አባቶች። ጫማህን አውልቀህ ግባ፣ ቀና በል፣ ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ አዲስ ዓለም ውረድ። እንደ ፈረንጆቹ በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው ይስፈሩ ተብሎ ወደ ቀሃ ዳር የወረዱበት ሰፈር ነው። ነጋዴዎቹ እነሱ ነበሩ፤ ግንቡ የለበሰው ሐርም የመጣው በእነሱ ግመልና በቅሎ ነው። እዚህ ሰፈር ቲኬት የለም፣ አስጎብኚም አይጠብቅህም። ሰላም ብለህ አልፈህ፣ ሻይ አዝዘህ መቀመጥ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ከመነሣትህ በፊት እዚያ ያለ ሰው ጋ ደውለህ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ፣ ከመሸ በኋላም አትዙር።

«ለጥምቀት እናቴን ይዤ ከቨርጂኒያ እመጣለሁ። ሰባ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ታቦት ተከትዬ ካልወረድኩ ትላለች። ምን ላድርግ?» (ከአሜሪካ)

እህቴ፣ እንዳትከለክያቸው። ግን ግማሹን ብቻ ይሂዱ። ጥር 10 ቀን ከፒያሳ አካባቢ ሰልፉን ተቀብለው ትንሽ አብረው ይሂዱ፣ ከዚያ ወጣ ብለው ይረፉ። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ መውረዱ ቀላል ይመስላል፤ ጉልበት የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከሰልፉ መሀል ሳይሆን ከዳር በኩል ይሁኑ። ነጭ ነጠላ ለብሶ እልልታው ከኋላም ከፊትም ሲመጣ ሰው ራሱን ይረሳል፣ እናትሽም እንዳይረሱ እጃቸውን ያዢ።

ጥር 11 ጎሕ ሲቀድ ባሕረ ጥምቀቱ (ያው መዋኛው) ጋ መገኘት ከፈለጋችሁ በሌሊት ውጡ። አደራ የምልሽ፣ ጊዜያዊ የእንጨት መቀመጫ ላይ አትውጡ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ላይ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። መሬት ላይ፣ መውጫ የሚታይበት ቦታ ቁሙ። ጠበሉ ሲረጭ ግፊያ አለ፤ ራቅ ብላችሁም ይደርሳችኋል።

«አባቴ የጎንደር ቤተ እስራኤል ነበሩ፣ እኔ በልጅነቴ ነው የመጣሁት። ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው። በእግር የምናየው ነገር ይኖራል?» (ከእስራኤል)

አለ፣ ጋሼ። ከከተማው በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው የቀድሞውን የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃን ያገኛሉ። በባጃጅ ሄደው በእግር ቢመለሱ ለልጆቹ ይሻላል። ቀድሜ ልንገርዎ፣ ወገኖችዎ ከዚያ ወጥተዋል፤ መንገድ ዳር የሸክላ ሥራ የሚሸጡት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። ጸሎት ቤቱን ያሳዩአችኋል።

ከዚያ ግን ልጆችዎን ወደ ግንቡ ይዘዋቸው ይሂዱ። ግንቡ ሥር አቁመው ድንጋዩንና ኖራውን በእጃቸው ያስነኩልኝ። ከጎንደር ግንበኞችና አንጥረኞች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ይህን ከአባታቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

«እኔ ቀሃ ዳር ነው የምኖረው። እናንተ ታሪክ ትጽፋላችሁ፣ ወንዙ ግን ላስቲክና ቆሻሻ ሞልቶበታል። እንግዳ ይዤ ለመውረድ አፍራለሁ። ምን ይሻላል?» (ከጎንደር)

ወንድሜ፣ አንጀቴን ነው የበላኸው። ባለፈው ስሄድ እኔም አይቻለሁ። ድልድዩ ሥር የውሃ ጠርሙስ ተጠራቅሞ፣ ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ጋቢ ታጥባለች። በዓመት አንድ ጊዜ ታቦት ወርዶ የሚባረክበትን ገንዳ የሚሞላው የቀሃ ውሃ ነው። ያንኑ ወንዝ በቀረው ጊዜ የቆሻሻ መጣያ ስናደርገው ዝም ማለት ይከብደኛል።

ግን እንግዳህን ከመውሰድ አትቅር። ሰው የማያየው ወንዝ ነው የባሰ የሚቆሽሸው። ከመዋኛው በላይ በኩል ውሰደው፣ እዚያ የተሻለ ነው። የሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ላስቲኩን ብትለቅሙ እንግዳውም አብሮ ይለቅማል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ከእንግዶች ጋር አድርጌዋለሁ፣ አንዱም አልከፋውም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ወደ ዳሩ አትውረዱ። ዝናቡ ተራራው ላይ ሲጥል ቀሃ ሳይታሰብ ይሞላል። ጥቅምት ላይ ውሃው ጠርቶ ከሥሩ ድንጋዩ ሲታይ ነው የሚያምረው። እኔም ጥቅምት አጋማሽ ቤተሰብ ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ አድራሻህን ላክልኝ፣ አብረን እንውረድ።