ጥያቄና መልስ፦ የጭንቀት መድኃኒትና የሚያመጣው እንቅልፍ

«ዳያዜፓም ማታ ወስጄ እተኛለሁ። ጠዋት ደህና ነኝ፤ መኪና ብነዳስ?»

ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋትም አብሮዎት አለ ማለት ነው። እግርዎ ፍሬን ላይ ሲዘገይ ራስዎ አይታወቅዎትም። በጀመሩ ሰሞንና መጠኑ በተጨመረ ሰሞን መሪ አይያዙ።

«ከኪኒኑ ጋር አንድ ቢራ ብቻስ?»

አንድም አይሆንም። ሁለቱ ሲደራረቡ ትንፋሽ ያዳክማሉ፤ ሰው ሊሞት ይችላል።

አንድ አንባቢ ስለ እናታቸው በረጅሙ ጽፈዋል። 74 ዓመታቸው ነው። ለዓመታት ዳያዜፓም ሲወስዱ ኖረዋል። አሁን ይረሳሉ፣ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ፤ በቅርቡ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀዋል። ዘመድ አዝማዱ «እርጅና ነው» ይላል። ልጅየው «ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን ልደብቅባቸው?» ብለው ይጠይቃሉ።

እባክዎ እንዳይደብቁት! ጥርጣሬዎ ግን ልክ ሊሆን ይችላል። ይህ መድኃኒት አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል። ፍርሃትን ዝም ሲያሰኝ ማስታወስንና ሚዛን መጠበቅንም ያደክማል። በዕድሜ የገፋ ሰውነት ደግሞ ቶሎ አያስወግደውም፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይጠራቀማል። «እርጅና ነው» ብሎ መተው የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ሊስተካከል የሚችል ነገር ሳይታይ ያልፋል።

ታዲያ ለምን በአንዴ አይቆምም? ለዓመታት የለመደ አንጎል ድንገት ሲነጠቅ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ የባሰ ጭንቀት፣ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። መጠኑ በሐኪም ክትትል፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሳምንታትና በወራት ይቀነሳል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የሕመም ማስታገሻውንም የጉንፋኑንም፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ስንት ሰዓት እንደሚውጡ፣ መቼ እንደሚንገዳገዱ ጽፈው ያሳዩ። «መርሳቱ ከመድኃኒቱ ይሆን?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። እስከዚያው ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ሌሊቱን መብራት ይኑረው።

«አዲሱ የጭንቀት መድኃኒቴ እንቅልፍ አላመጣብኝም። አይሠራም ማለት ነው?»

አይደለም። ቡስፒሮን ለምሳሌ ብዙም እንቅልፍ ሳያመጣ ጭንቀት ይቀንሳል።

«ለጭንቀት የታዘዘልኝን ሰርትራሊን ከጀመርኩ አምስት ቀኔ ነው፤ ምንም ለውጥ የለም። ልተወው?»

ገና ነው። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ሊያቁነጠንጥ ይችላል። በጣም ከከበደዎ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ይሂዱ።