ዲፖርት ተደርጎ ተመልሶ ሲገባ ለታሰረ ሰው ይግባኝ፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከአሜሪካ ተባርረው እንደገና ሲገቡ ተይዘው ስለተፈረደባቸው ልጆቻችን ጠይቃችሁኛል። የምመልሰው በፌደራል ፍርድ ቤት ስላለው ጉዳይ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ በዚህ ሳምንት ተፈረደበት። ይግባኝ ለማለት ጊዜ አለው?

አለው፣ ግን አጭር ነው። ፍርዱ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ 14 ቀን ብቻ። ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ። ዛሬውኑ ለጠበቃው "ይግባኝ እፈልጋለሁ" ይበለው። ጠበቃው ካልተገኘ ራሱ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስሙ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ቅር የተሰኘበት ፍርድ፣ ይግባኙን የሚያየው ፍርድ ቤት። ዝርዝር ምክንያቱ በኋላ ይቀርባል። ደብዳቤውን ቀኑ ሳያልፍ ለእስር ቤቱ ፖስታ ካስረከበ፣ ፍርድ ቤት ዘግይቶ ቢደርስም በጊዜው እንደቀረበ ይቆጠርለታል። ያስረከበበትን ቀን ጽፎ ይፈርምበት፤ ይህቺ ፊርማ ብዙ ሰው አድናለች።

ከመሐል ሜዳ፣ አንዲት እናት፦ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት ነው ብለውኝ አራት ፈረዱበት። ስህተት አይደለም?

እትዬ፣ የግድ ስህተት ላይሆን ይችላል። መነሻው እስከ 2 ዓመት ነው። ከመባረሩ በፊት በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ከነበረ ጣሪያው 10 ዓመት፣ ሕጉ ለይቶ ባስቀመጣቸው በባሱት ደግሞ 20 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ ጠበቃውን "የትኛውን የድሮ ፍርድ ነው የቆጠሩበት?" ብለው ያስጠይቁት። ያ ፍርድ ያለ ቦታው ተመድቦ ከሆነ ጥሩ የይግባኝ ምክንያት ነው። ይግባኝ ሰሚው አዲስ ምስክር አይሰማም፣ መዝገብ ነው የሚያየው። የልጅዎን ጠባይ የሚመሰክር የቀበሌ ደብዳቤ እዚያ አይረዳውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጥፋቱን አምኖ ፈርሟል።

የፈረመው ስምምነት ውስጥ "ይግባኝ አልልም" የሚል ቃል አለ ወይ? ብዙ ጊዜ ይኖራል፤ ይግባኙን በጣም ያጠበዋል። ቢሆንም ይግባኝ በልልኝ ብሎ አዝዞት ጠበቃው ዝም ካለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለራሱ ለፈረደው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሌላ አቤቱታ አለ።

ከአንኮበር፦ "በገንዘብ አስፈታዋለሁ" የሚል ሰው አግኝተናል።

እባካችሁ በሬ አትሽጡ! አቅም ለሌለው ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ በነጻ ጠበቃ ይመድባል፣ ለይግባኙም ጭምር።

ከደብረ ሲና፦ ካሸነፈ እዚያው ይቀራል?

ቅጣቱ ቢቀነስለትም የመባረር ትእዛዙ አይነሳም። አገር ቤት መመለስ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ከሆነ ግን ለኢሚግሬሽን መኮንኑ በግልጽ ይናገር። ያኔ ስለ ስጋቱ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ አስተርጓሚም ይጠይቅ።