ጀልባው ጎን ደርሶ የሚያመልጠው ክራፒ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ገና አንድ ዓመቴ ነው። ብርዱ እንደለቀቀ ዳር ዳሩን ክራፒ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የሐይቅ ዓሣ እንደ ጉድ ይይዝልኝ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ድራሹ ጠፋ። ወደ ጥልቁ ሄጄ መንጠቆዬን እስከ ወለሉ ብሰድም ምንም የለም። አልፎ አልፎ የሚይዝልኝም ጀልባው ጎን ሲደርስ ያመልጠኛል። ምን ላድርግ? ባስ ለሚባለው ዓሣስ ይኸው ዕቃ ይሆነኛል?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ዓሣው አልጠፋም፤ ቦታ ቀይሮ ነው። ያኔ ወደ ዳር የመጣው ለመራባት ነበር። የውኃው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ስትጥል እሱ ይጠብቃል። ያ ሲያልቅ ወደ ጥልቁ ይመለሳሉ። የሰጠመ ዛፍ ወይም የድልድይ ምሰሶ ካለ እዚያ ተሰባስበው ታገኛቸዋለህ።

ስህተትህ እስከ ወለሉ መውረድህ ነው። በሙቀት ወቅት የብዙ ጥልቅ ሐይቆች ውኃ ለሁለት ይከፈላል፤ ሞቃቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች። የታችኛው ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ዓሣም አይበረክትበትም። ደግሞ የክራፒ ዓይን የተሠራው ወደ ላይ ለማየት ነው። ከራሱ በላይ ያለውን ተነስቶ ይበላል እንጂ ከሥሩ ላለው እምብዛም አይወርድም።

እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ጠዋት ነው። የሰጠመ ዛፍ አጠገብ ስድስት ሜትር ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፤ አንድም አልነካኝም። ተስፋ ቆርጬ ክሩን ስጠቀልል ተቋጠረብኝ። ቋጠሮውን እየፈታሁ ሳለ፣ መንጠቆው ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ክሩ ድንገት ላላ። አልተጎተተም፣ ላላ! ክራፒው ከሥር መጥቶ ጎርሶት ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ሜትር እጀምርና ግማሽ ግማሽ ሜትር እያልኩ እወርዳለሁ። አንተም መጎተቱን ብቻ አትጠብቅ፤ ክሩ ሲላላም ዘንጉን አንሳ!

ስለሚያመልጥህ ደግሞ፦ የክራፒ አፍ ዙሪያ ያለው ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ነው። በኃይል ስትመነጭቀው ይቀደዳል፣ መንጠቆውም ይወልቃል። ዘንጉን ቀስ አድርገህ አንሳ፣ ክሩ እንዳይላላ ሳታቋርጥ ጠቅልል። ጀልባው ጋ ሲደርስ በክሩ አታንጠልጥለው፤ መረቡን ከሥሩ አስገባ። ዘንግህ ጠንካራ ከሆነ ለስለስ ባለ ቀይረው። ይቺን አቅልለህ አትያት።

ለባስ ዕቃው ይለያል። ለክራፒ ሁለት ግራም ገደማ የሚመዝን ጂግ (ራሱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ) እና ሁለት ኪሎ የሚችል ቀጭን ክር ይበቃሃል። ባለ ትልቅ አፉ ባስ ግን አፉ ጠንካራ ነው፤ መንጠቆው እንዲገባ ዘንጉን ጠበቅ አድርገህ መሳብ አለብህ። ክሩም አምስት ስድስት ኪሎ የሚችል ይሁን፣ በተለይ ሣር ውስጥ ከሆነ። ንጋትና ምሽት ላይ ሣሩ ጫፍ አድፍጦ ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በመራቢያ ወቅት ጎጆው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባስ ከያዝክ እዚያው ወዲያውኑ ልቀቀው። ፎቶ እያነሳህ ስትቆይ፣ ዙሪያውን ያሉ ትንንሽ ዓሦች እንቁላሉን ይጨርሱበታል።