ኤሌክትሮኒክስ ለምታጠኑ ልጆቼ

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እኔ ሰርኪዩት ነው የምሠራው፤ ክንፍና ሞተር የሌላ ሰው ጣጣ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። እባካችሁ ይህን ነገር ከአሁኑ ተዉት። ለምን እንደምላችሁ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖች ያሳያሉ።

በፈረንጆቹ 1940 እንግሊዞች በጨለማ የሚመጣባቸውን ቦምብ ጣይ ለማደን ብሌንሃይም በተባለ አውሮፕላን ላይ ራዳር (ሞገድ ልኮ ከዕቃ ነጥሮ የሚመለሰውን የሚያነብ መሣሪያ) ጫኑ። ራዳሩ ሠራ። አውሮፕላኑ ግን ቀርፋፋ ነበር፤ ያየውን ጠላት መድረስ ያቅተዋል። ቦፋይተር የሚባለው ሲመጣ ነገሩ ተሻሻለ። ሞተሮቹ ጉልበት ነበራቸው። የራዳሩን ስክሪን እያነበበ አብራሪውን የሚመራ ሰውም መቀመጫ አገኘ። ሲነደፍ ራዳር ታስቦ ሳይሆን፣ ሰፊ ስለነበር ብቻ!

የዚያ ራዳር ሞገድ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ነው። በአውሮፕላን ላይ በሚገባ አንቴና እንዲህ ያለውን ረጅም ሞገድ ወደ ፊት ብቻ መሰብሰብ አይቻልም፤ ወደ መሬትም ይረጫል። ከመሬት የሚመለሰው ደግሞ ስክሪኑን ይሸፍነዋል። ስለዚህ በ3000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከ3 ኪሎ ሜትር ማዶ ያለውን አያይም። ዝቅ ባለ ቁጥር እይታው ያጥራል።

ይህን የፈታው ራንዳልና ቡት የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ማግኔትሮን ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ በትልቅ ኃይል አመነጨ። ሞገዱ ስላጠረ ያኔ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ሳህን አንቴና ጠባብ ጨረር መላክ ቻለ። እኔ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ዕቃዎች ሁሉ ማግኔትሮኑን አስበልጣለሁ። ጀርመኖች ግን ለረጅም ጊዜ በረጅም ሞገድ ቆዩ። ሜሰርሽሚት 110 በተባለው አውሮፕላናቸው አፍንጫ ላይ የአንቴና ዘንጎች ደረደሩ፤ ዘንጎቹም አየሩን እየተጋፉ ፍጥነቱን ቀነሱት።

በ1942 የበረረው የአሜሪካኖቹ የሌሊት ተዋጊ ፒ-61 ግን ከመጀመሪያው ለራዳር ተብሎ ተነደፈ። አፍንጫው የአንቴናው ቤት ነው፤ ኦፕሬተሩም የራሱ ቦታ አለው።

እናንተም የመጀመሪያው ንድፍ ሲሳል እዚያው ተገኙ። የዕቃችሁን ክብደት፣ የሚፈልገውን ኃይል፣ የሚያወጣውን ሙቀት ይዛችሁ ግቡ። አንቴናው የት እንደሚቀመጥ ሳይወሰን ከስብሰባው አትውጡ። ስለ አየር ግፊት ያልገባችሁን ክንፍ ነዳፊውን ጠይቁት፤ እሱም ስለ ሞገድ ርዝመት ሲጠይቃችሁ ሳትሰለቹ አስረዱት።