ለወንድሜ ራስ ቅል ታይታኒየም ይሻላል ወይስ ፒክ?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ ስላበጠ፣ የራስ ቅሉን አጥንት በግራ በኩል አንሥተውለት ነበር። የተነሣው አጥንት ኢንፌክሽን ይዞት ተጣለ። አሁን ቦታው ጎድጉዷል። ሰው ሠራሽ ይገባለታል ተብሏል። ታይታኒየም ነው የሚሻለው ወይስ ፒክ የሚሉት ፕላስቲክ? ሰውነቱ አልቀበልም ቢልስ? ኤምአርአይ መነሣት ይችላል? ደግሞስ ለመልኩ ብቻ ነው ወይስ ራስ ምታቱንም ያቀልለታል?
ታላቅ እህት

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ፣ እህቴ። ሰው ሁሉ እንዳንቺ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። አይፈረድም። እኔን ግን ከዕቃው በፊት የሚያሳስበኝ ከላይ የሚሸፍነው ቆዳ ነው።

የራስ ቆዳ ወፍራም ቢመስልም እንደ ሆድ ቆዳ አይለጠጥም፤ ከሥሩ ጋሊያ የሚባል ጠንካራ ሽፋን ይዞታል። የድሮ ጠባሳ ወይም የጨረር ሕክምና ያለፈበት ቆዳ ደግሞ ደም እንደ ልብ አያገኝም። እንዲህ ያለው ቆዳ በጠንካራ ነገር ላይ በግድ ተስቦ ከተሰፋ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ማብረቅረቅ ይጀምራል፣ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል ትከፈትና ብረቱ ብቅ ይላል። በታይታኒየም መረብ ላይ በደንብ የታወቀ ችግር ነው። ያቺን ቁስል ቅባት ቀብታችሁ እንዳትተዋት፤ የዚያኑ ሰሞን ለሐኪሙ ትታይ።

ስለዚህ ሐኪሙን «ቆዳው ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ካልበቃ መላ አለው። የጎኑን ቆዳ አዙሮ ማምጣት ይቻላል። ወይም ፊኛ ከቆዳ ሥር ይገባና ለሳምንታት በጨው ውሃ እየተሞላ ቆዳውን ያሰፋዋል፤ ደስ የሚለው ነገር የሚሰፋው ጸጉር ያለበት ቆዳ ነው። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ከጀርባ ጡንቻ ከነደም ሥሩ ይነሣና እዚያ ይተከላል፣ በዚያ ላይ ግን ጸጉር አይበቅልም። ለዚህ ነው የአንጎል ቀዶ ሐኪሙና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ አስቀድመው ቢነጋገሩ የምመርጠው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ታይታኒየም ጠንካራ ነው፣ በብሎን ይታሰራል፣ ብዙ ተሠርቶበታል። ፒክ በሲቲ ስካን ተለክቶ ለራሱ ለታካሚው የሚሠራ ነው። ቀላል ነው፣ ቅርጹ ልክክ ይላል፣ ምስልም አያበላሽም፤ ከአጥንት ጋር ግን አይዋሐድም፣ ዋጋውም ይከብዳል። አክሪሊክ የሚባል ሌላ ፕላስቲክም አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበትና ርካሽ የሆነ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ላይ ሲቦካ ግን እስኪጠነክር በኃይል ስለሚሞቅ ከሥሩ ያለውን እንዳይጎዳ በውሃ ያበርዱታል። ከሦስቱ አንዱ ለሁሉም ሰው ይሻላል የሚል ካጋጠመሽ አትመኚው።

«አልቀበልም» ስላልሽው፣ ይኼ እንደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ አይደለም። የሌላ ሰው ሕዋስ የለበትም፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ጠላቱ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ ዕቃው ላይ ሙጥኝ ብሎ እንደ ዝልግልግ ያለ ሽፋን ከሠራ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይነቅለውም። ያኔ ዕቃው ይወጣል፣ ወራት ይጠበቃል፣ እንደገና ይሞከራል። በየጥናቱ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሆነ ችግር የሚገጥማቸው ከ10 እስከ 40 በመቶ ይደርሳሉ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ግን ከቆዳ ሥር እንደሚጠራቀም ፈሳሽ ያለ ቀላሉም አብሮ ተቆጥሮ ነው። ወንድምሽ ቀድሞ ኢንፌክሽን ስለነበረው ቀጠሮው ቢራዘም አትናደጂ፤ ለእሱ ተብሎ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ያቁም፣ በቃ።

ኤምአርአይ መነሣት ይችላል። ታይታኒየም በማግኔት አይሳብም፣ ምስሉ ላይ ግን በአካባቢው ጥላ ሊጥል ይችላል። የገባለትን ዕቃ ዓይነት በጽሑፍ ተቀበሉና ባለሙያው ሲጠይቅ አሳዩ።

ለመልክ ብቻ ነው ወይ? ኧረ አይደለም። አጥንት በሌለበት ቦታ የውጪው አየር ግፊት ቆዳውን ወደ አንጎል ይጫነዋል። ሲቆም ራሱን የሚያመው፣ የሚያዞረው፣ ሲተኛ የሚሻለው ከሆነ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከተሸፈነ በኋላ ራስ ምታቱ የሚቀልላቸው፣ ንግግራቸውና የእጅ እግራቸው ጉልበት የሚሻሻልም አሉ። አደጋው ራሱ አንጎል ላይ ያደረሰውን ጉዳት ግን ክዳን አይመልሰውም። መልኩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ ክዳኑ ልክ ሆኖ ሳለ ከጆሮ በላይ ያለው ጡንቻ ስለሚከሳ እዚያ ጋ ጎድጎድ ብሎ የሚቀርባቸው ብዙ ናቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቦታው ቀልቶ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም እያንቀጠቀጠ ከጣለው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሩጡ። ቀዶ ሕክምናው እስኪደረግለት ግን አጥንት በሌለበት ጎኑ አይተኛ፤ ለመራመድም ሲነሣ ሐኪሙ ያዘዘለትን ሄልሜት ያድርግ። አንጎሉን የሚሸፍነው አሁን ቆዳ ብቻ ነው።